ኦሊታ ያጎረሰችው ሽጉጥ

ዴልማር ክላይቦርን በደቡብ ሚዙሪ፣ በኦዛርክ ኮረብቶች መካከል፣ አባቱ በሠራው የእንጨት ቤት ተወልዶ በዚያው ቤት ያረጀ ሰው ነው። የጉልምስና ዘመኑን ያሳለፈው ነጭ ባሉጥ የሚባለው ዛፍ እየተሰነጠቀ የበርሜል ሳንቃ በሚወጣበት ፋብሪካ፣ በመጋዙ አጠገብ ቆሞ ነው። የመጋዙ ጩኸት ግራ ጆሮውን አደንቁሮበታል። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ቀኝ ጆሮው ወደ ሰባኪው እንዲሆን በስተግራ ባለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ከእርሱ ቀጥሎ ሚስቱ ኦሊታ ትቀመጥ ነበር፤ ከእርሷ ቀጥሎ እኔ። እርሷ ካረፈች ወዲህ በመካከላችን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ክፍት ነው። እርሱም አልተጠጋም፤ እኔም አልተጠጋሁም።

ልጅ አልወለዱም። በትዳር የኖሩበትን ዘመን ሁሉ ግን በየወሩ አንድ ቅዳሜ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው የተኩስ ሜዳ፣ ከአሮጌ መሣሪያ ማኅበር ጋር ጎን ለጎን ቆመው ይተኩሱ ነበር። የዚህ ማኅበር ሰዎች ቀለህ ያለው ጥይት በእጃቸው አይነኩም። ሽጉጣቸው የቅድመ አያቶቻቸው ዓይነት ነው፤ ስድስት ጎሬ ያለው ከበሮ ይሽከረከርበታል። ወደ እያንዳንዱ ጎሬ ባሩድ ይፈስሳል፤ በላዩ የእርሳስ ድቡልቡል ይቀመጣል፤ ከአፈሙዙ ሥር ያለው ዘንግ ተስቦ እርሳሱን እስከ ታች ይጠቀጥቀዋል። ከዚያም ሰምና ሞራ ተቀላቅሎ በተሠራ ቅባት የጎሬው አፍ ይደፈናል፤ አለዚያ የአንዱ ጎሬ እሳት ወደ ጎረቤቱ ይዘልላል። ተኳሹ ከመስመሩ ላይ ቆሞ አፈሙዙን ወደ ዒላማው ካዞረ በኋላ ብቻ፣ በስተመጨረሻ፣ ከከበሮው ኋላ ትናንሽ የመዳብ ቆቦችን ያለብሳል። እሳቱን የሚሰጠው ቆቡ ነው። ቆብ ያላደረገ ሽጉጥ ጎርሶም ቢሆን ዝም ያለ ነው።

ከተኩስ በኋላ ያለው ሥራ ከተኩሱ አይተናነስም። የባሩድ ጥላሸት እርጥበት ይስባል፤ ሳይታጠብ ያደረ ሽጉጥ በማግስቱ ቀይ ሆኖ ይገኛል። ዴልማር በዚህ ነገር ምሕረት አያውቅም ነበር። ሽጉጡን ሳያጥብ ለእራት የሚቀመጥን ሰው «ብረቱን አቆሽሾ ሆዱን የሚያጥብ» ይለው ነበር። ኦሊታ ደግሞ ከእርሱ ትብስ ነበር። ፈልቶ የወረደ ውኃ በሳሙና፣ ከዚያ ንጹሕ ውኃ፣ ከዚያ በምድጃው አፍ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት፤ ይህን ሳትፈጽም ሽርጧን አትፈታም።

የተገናኙትም በዚያው ሜዳ ነበር። እርሱ ገና ወጣት፣ በተኩሱ የሚመካ፤ እርሷም ከአባቷ ጋር የመጣች ቀጭን ልጃገረድ። በዚያ ቀን ዒላማዎቹ ተቆጥረው ሲታዩ የእርሷ ቀዳዳዎች አንድ የቡና ሲኒ በሚከድናቸው ቦታ ተሰብስበው ተገኙ፤ የእርሱ ግን ወረቀቱን ሁሉ ዞረውታል።

«አንቺ፣ ማን ነው ያስተማረሽ?» አላት።

«አባቴ። አንተንስ ማን ከለከለህ?» አለችው።

ይህን መልስ ዴልማር እስከ ሽምግልናው ድረስ ለሰው ሁሉ ይናገረው ነበር፤ በተናገረውም ቁጥር እንደ አዲስ ይሸነፍ ነበር።

ኦሊታ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ታበስል ነበር። በዚያ ሥራ ገና ጀማሪ ሳለች የቆርቆሮ ክዳን የቀኝ እጇን አውራ ጣት በአግድም ቆርጧት ነበርና፣ ጠባሳው ቀጭን መስመር ሆኖ ቀረ። ቅባቱንም ራሷ ታዘጋጅ ነበር፤ ሰምና ሞራውን አቅልጣ ጥቂት የናና ዘይት ጠብ ታደርግበታለች። ባሎች ሚስቶቻቸውን ሽቶ ሸትተው በሚያውቁበት አገር ዴልማር ሚስቱን በናናና በድኝ ሽታ ያውቃት ነበር። እሑድ እንኳ፣ የመዝሙር መጽሐፉን ለመግለጥ እጇን ስትዘረጋ፣ ያ ሽታ ወደ እኔ ይደርስ ነበር።

ያረፈችበት ዓመት የጸደይ ተኩስ የተደረገው ዝናብ ባባራበት ጠዋት ነው። ኦሊታ ከጠረጴዛዋ ፊት ቆማ አምስቱን ጎሬዎች አጎረሰች፤ ስድስተኛው እንደ ደንቡ ቆቡን የሚመታው የሽጉጡ መዶሻ እንዲያርፍበት ባዶ ይተዋል። ቅባቱን በአውራ ጣቷ እየዛቀች አንድ በአንድ ደፈነች። ከዚያም ቀና ብላ በአጠገቧ ወደሚያጎርሰው ባሏ ዞረች።

«ዴልማር፣ ጠረጴዛው ተንቀሳቀሰ?»

«የለም። የሆባርት ሆድ ገፍቶት እንደሆነ እንጃ።»

ሆባርት የመስመሩ አዛዥ ነው፤ ግዙፍ ሰው፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ የነበረ፣ የዴልማር የልጅነት ጓደኛ። እርሱም ሰምቶ «ሆዴን ተወው፤ የተከፈለበት ነው!» ብሎ መለሰ። ኦሊታ ግን አልሳቀችም።

«ቆቦቹን አቆይልኝ፤ ትንሽ ልቀመጥ» አለች።

ተቀመጠች፤ ከዚያም በኋላ በዚህ ዓለም ቃል አልተናገረችም። የጭንቅላቷ ደም ሥር ፈንድቶ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን በሆስፒታል አረፈች። ሰው ሁሉ ወደ እርሷ በሮጠበት ሰዓት ሆባርት ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ሽጉጥ አንሥቶ በእንጨት ሳጥኑ ውስጥ አኖረው፤ ክዳኑን ገጥሞም በዴልማር ፒካፕ ውስጥ ከወንበሩ ኋላ አስቀመጠው። ልቡ በሌላ ነገር ተይዞ ነበርና ከበሮውን አልተመለከተም።

ዴልማር ሳጥኑን የከፈተው ከቀብሩ በኋላ ነው። የከፈተውም ሊያጥበው ነበር፤ ሐዘን እንኳ ያን ልማድ አላስረሳውም። ከበሮውን አዙሮ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያቀርበው አምስቱ ጎሬዎች በቢጫ ቅባት ተደፍነው አገኛቸው። በእያንዳንዱም ድፍን ላይ የአውራ ጣት አሻራ ታትሟል፤ በአሻራውም መካከል ያቺ ቀጭን መስመር ታልፋለች።

ፎቶግራፎቿ ነበሩት። ልብሶቿም በቁም ሣጥኑ ነበሩ። ፎቶግራፉ ግን ሌላ ሰው ያነሣው ነው፤ ልብሱም ታጥቦ የተሰቀለ ነው። ይህ ግን እጇ ጀምሮት ያልፈጸመው ሥራ ነበር። እንደ ተመለሰች ትቀጥለው ዘንድ ትታው የሄደች ይመስል ነበር። ዴልማር ከበሮውን ሳይነካው ሳጥኑን ዘጋ። በማግስቱም ከፍቶ አየው። ከዚያም በየምሽቱ፣ ፀሐይ በወጥ ቤቱ መስኮት ገብታ እስክትወጣ ድረስ፣ ከፍቶ ማየት ልማድ ሆነበት። ቅባቱን ያሸትተዋል፤ በጣቱ ግን አይነካውም።

እነዚህ ሰዎች ተዝካር አያወጡም፤ ፍትሐትም አያውቁም። ማኅበሩ ግን የራሱ ሥርዓት አለው። ከመካከላቸው አንድ ሰው ሲያርፍ በመጪው የመከር ተኩስ የሟቹ ሽጉጥ ወደ መስመሩ ይመጣል። የቅርብ ሰው አጉርሶ እስኪጨርስ ይተኩሰዋል፤ ሌላው ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል። የመስመሩ አዛዥ የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «መስመሩ የእርሱ ነው» ወይም «መስመሩ የእርሷ ነው» ይላል። ከዚያ ሽጉጡ ታጥቦ ለሚወርሰው ይሰጣል።

በዚያ የመጀመሪያ መከር ሆባርት መጥቶ «ዘንድሮ የኦሊታን ታመጣለህ አይደል?» ብሎ ጠየቀው።

«እጄን አሞኛል» አለ ዴልማር።

«የትኛውን?»

«ሁለቱንም።»

ሆባርትም «ሁለቱም ሲሻልህ ንገረኝ» ብሎ ሄደ።

ዓመቱ እንዲሁ አለፈ፤ ሁለተኛው በጋም ገባ። የዚያ በጋ ሙቀት ሌሊት እንኳ የማይበርድ ነበር። አንድ ምሽት ዴልማር ሳጥኑን ሲከፍት ቅባቱ እንደ ላብ አብረቅርቆ አየው። የአንደኛው አሻራ ጠርዝ መለስለስ ጀምሯል፤ ቀጭኗም መስመር ልትሰወር ተቃርባለች። ደነገጠ። ባሩድና ብረት ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሰዓት የሚያውቀው ሁሉ ጠፋበትና፣ ሽጉጡን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ በቅቤውና በኮምጣጤ በተነከረው ዱባ መካከል አስቀመጠው።

ቅባቱ ጠነከረ፤ አሻራዎቹም ቆሙ። ዴልማር ግን ሊያየው በየምሽቱ ያወጣዋል። የቀዘቀዘ ብረት በዚያ እርጥብ ሙቀት ውስጥ ሲወጣ ሁለንተናው ጤዛ ይለብሳል። እርሱም ውጭ ውጩን አብሶ መልሶ ያስገባዋል። ቆብ ያልለበሱት የኋላ ቀዳዳዎች ግን ክፍት ነበሩ፤ በእነርሱ በኩል የሚገባውን ጤዛ የሚያብስ ጨርቅ የለም።

ይህን ያገኘችው የኦሊታ ታናሽ እህት ላቮን ናት። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምግብ ታመጣለት ነበር። አንድ ቀን የድንች ሰላጣውን ልታስገባ ማቀዝቀዣውን ከፈተች፤ ቆማም ቀረች።

«ዴልማር።»

«አቤት።»

«ማቀዝቀዣህ ውስጥ ሽጉጥ አለ።»

«አውቃለሁ።»

«ከቅቤው አጠገብ።»

«ከቅቤው ጋር አይጣላም፤ ተይው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ ግን? ወተቱንስ ሳጥን ውስጥ ቆልፈህበታል?»

ላቮን ጥቅሉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። የእህቷን ሽጉጥ እንደ እህቷ እጅ ታውቀዋለችና ወዲያው ለየችው። ከበሮውን ስታይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አሻራዎቹን አንድ በአንድ አየች። ዴልማር እንዳትነካቸው ፈርቶ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ እርሷ ግን ሁለት እጆቿን በጭኗ ላይ ሰብስባ ነበር የምታየው።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።»

«ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ ተኩሰው ትይኛለሽ።»

«እኔ ምንም አልልህም። የእኔ አይደለም።» መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠርዝ አበሰችውና መልሳ አጠለቀች። ከዚያ ጎንበስ አለች። «ዴልማር፣ ይኼ ቀይ ነገር ግን ምንድን ነው?»

ከከበሮው ኋላ፣ ቆቡ በሚቀመጥባት ትንሽ ብረት ሥር፣ እንደ ክር የቀጠነ ዝገት ይታይ ነበር። ዴልማር ተጠግቶ አየው። በአውራ ጣቱ ቢያብሰው ጣቱ ቀላ። ከውጭ ያለው ይህ ከሆነ ከውስጥ፣ በረጠበው ባሩድ ዙሪያ፣ ምን እንዳለ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም ነበር። በሜዳው ላይ ስንቱን ሰው ያዋረደበት ነገር በገዛ ወጥ ቤቱ ደረሰበት። ያም ይሁን። አጥንቱን የበላው ግን ሌላ ነገር ነበር። ኦሊታ ይህን ብረት ከልጃገረድነቷ ጀምሮ አንዲት ነጥብ ዝገት ሳታሳየው ጠብቃዋለች። እርሱ የጣቷን ምልክት ለመጠበቅ ሲል የእጇን ሥራ ሁሉ እያጠፋ ነው። ምልክቱን ቢያቆይ ሽጉጧ ይበላሻል፤ ሽጉጧን ቢያድን ምልክቱ ይጠፋል። መካከለኛ መንገድ አልነበረም።

ላቮን ምግቡን አቀረበችለት። ሳይበላ ቀረ። እርሷም «ብላ» ብላ አላስጨነቀችውም።

በዚያው ቀን ወደ ማታ ለሆባርት ደወለለት።

«የኦሊታን በመከሩ አመጣለሁ» አለው።

«ሁለቱም እጅህ ተሻለው?»

«ሆባርት፣ ጎርሷል።»

«ምኑ?»

«ሽጉጡ። እርሷ እንዳጎረሰችው ነው ያለው።»

የማኅበሩ ደንብ የጎረሰ ሽጉጥ ከሜዳው እንዳይወጣ ነው፤ በዚህ ደንብ የተነሣ ሆባርት የገዛ ወንድሙን አንድ ዓመት ከመስመር አግዶት ያውቃል።

«ሳጥኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ ሆባርት። «ሳላይ የዘጋሁት እኔ። እንግዲህ ማንን ላግድ? አሁን የት ነው ያለው?»

«ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር።»

«የት?»

«ሰምተሃል።»

«ጌታ ሆይ!» አለ ሆባርት፤ «ሚስትህ ከመቃብር ተነሥታ በምጣድ ትመታሃለች።»

«ብትነሣልኝማ» አለ ዴልማር።

የመከሩ ተኩስ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ የባሉጡም ቅጠል ወደ መዳብ ቀለም የተለወጠበት ነበር። እኔም ከላቮን ጋር ሄጄ ከተመልካቾች አጥር ኋላ ቆምሁ። ባቄላው በትልቅ ድስት እየተንተከተከ፣ የበቆሎ ዳቦው በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው እርስ በርሳቸው ይቀላለዱ ነበር። ዴልማር ሳጥኑን ታቅፎ ሲደርስ ግን ቀልዱ ቆመ፤ ወሬው ቀድሞት ነበርና።

ሆባርት በጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ፣ ሌላው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስማኝ፤ ገና ቆብ አላለበስህም። ሳጥኑን ዘግተህ መመለስ ትችላለህ። እኔ ጀርባዬን አዞራለሁ። ካሁን ቀደምም አዙሬ ነበር» አለው።

ዴልማር ከበሮውን ወደ ፀሐይ አዞረው። አምስቱን አሻራዎች ተመለከታቸው። ሰው በባቡር መስኮት በኩል የሚሰናበተውን ሰው ፊት እንደሚያይ፣ እስከሚበቃው ሳይሆን እስከተፈቀደለት ያህል አያቸው።

«እየዛገ ነው» አለ። «እርሷ ብታየው አትታገሠኝም።»

ቆቦቹን አንድ በአንድ አለበሰ። አንዱ ቆብ ከጣቱ አምልጦ ሣሩ ላይ ወደቀ፤ ማንም አልሳቀም። ሆባርት ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሰዎቹም ሁሉ አወለቁ። «መስመሩ የእርሷ ነው» አለ።

ዴልማር ክንዱን ዘረጋ፤ መዶሻውን ሳበ፤ ምላጩን ጫነ። ቆቡ ጠሽ አለ፤ ከዚያ ሌላ ምንም የለም። እርሱም ሽጉጡን ሳያወርድ፣ አፈሙዙን ከዒላማው ሳያነሣ ቆየ፤ የዘገየ እሳት ሊኖር ይችላልና። አልነደደም። ከአጥሩ ኋላ ላቮን እጄን ያዘችኝ።

መዶሻውን ዳግመኛ ሳበ። ቆቡ ጠሽ አለ። ደግሞ ዝምታ ሆነ። ዴልማር ክንዱን ሊያላላ ሲል ሆባርት «ያዘው! አታውርድ!» ብሎ ጮኸ። በዚያ ቅጽበት ከከበሮው ውስጥ እንደ ምጣድ ላይ ስብ ሽሽ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያም ሽጉጡ ነጎደ። ነጭ ጢስ መስመሩን ሞላው። ጢሱ ወደ እኛ ሲመጣ የድኝ ሽታ ነበረበት፤ ከድኙም ሥር የናና ሽታ። ላቮን ፊቷን በመሐረቧ ሸፈነች።

ጢሱ ሲገለጥ ዴልማር ከበሮውን ተመለከተ። ያልተኮሱትም ጎሬዎች ድፍናቸው በእሳቱ ወላፈን ጠቁሮና ተድጦ ነበር። አሻራ የሚባል አልቀረም። ሁሉም በአንድ ተኩስ ጠፍተው ነበር፤ ይህን አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ሰው እርሱ ራሱ ነበር፤ ግን አላሰበውም ነበር። ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ እሰናበታቸዋለሁ ብሎ ነበር የመጣው።

ማንም አላስቸኮለውም። ከዚያ የቀሩትን ተከታትሎ ተኮሳቸው፤ እነዚያ ያለ ማመንታት ነጎዱ። በሦስቱም ከዒላማው ወደ ቀኝ ያለው የአፈር ግድብ ላይ አቧራ ተነሣ።

ሆባርት «ዴልማር፣ ዒላማው እኮ ከፊትህ ነው። ያ ግድብ ምን በደለህ?» አለ።

ሰዎቹ ተነፈሱ፤ አንዳንዶቹም ሳቁ። ዴልማርም ፈገግ አለ፤ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ሲል ያየሁት በዚያ ቀን ነው።

የመጀመሪያው፣ ያልነደደው ጎሬ ግን ገና ነበር። አዲስ ቆብ አልብሶ ሞከረው፤ ቆቡ ጠሽ ብሎ ቀረ። ስለዚህ ከበሮውን አውጥቶ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ። የኋላዋን ትንሽ ብረት በመፍቻ ፈታት። ቀዳዳውን ወደ ታች ሲያዘነብለው ባሩዱ እንደ ጭቃ ሆኖ በቁራጭ በቁራጭ ወደቀ። በመርፌ እየጫረ፣ በጨርቅ ጫፍ እያደረቀ፣ ባዶ አደረገው፤ እርሳሷ ግን ከፊት እንደ ተጠቀጠቀች ነበረች። ከዚያም የራሱን ባሩድ ከሚይዝበት ቀንድ በጣቶቹ ጥቂት ጥቂት እየቆነጠረ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ በኩል አስገባ። ሥራው ብዙ ጊዜ ወሰደ። ባቄላው እንዳያር ከወረደ ቆይቷል፤ ግን ሰው ሁሉ ባርኔጣውን በእጁ እንደ ያዘ ነበር።

ሆባርት ጎንበስ ብሎ ሲመለከት ቆየና፣ «እንግዲህ እርሳሱ የእርሷ፣ ባሩዱ የአንተ ነው» አለው።

«ዝም በል፤ ይፈስስብኛል» አለ ዴልማር። ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር።

ተኮሰው። እርሳሱም ወደ ቀኝ ሄደ።

በዚያ ቀን ሆባርት መኪናውን ነድቶለት አብረው ወደ ቤት ተመለሱ። ሽርጥ ታጥቀው ሁለቱ ሽማግሌዎች በወጥ ቤቱ ውስጥ ውኃ አፈሉ። ውኃው ጠቆረ፤ ተደፋ፤ ሌላ ፈላ። ከበሮው ደርቆ በመብራት ሲታይ አራቱ ጎሬዎች ንጹሕ ነበሩ። በመጀመሪያው፣ ባሩዱ ጭቃ በሆነበት፣ ዝገቱ ብረቱን በልቶ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ትናንሽ ጉድጓዶች ትቶ ነበር። ዴልማር በነሐስ ብሩሽ ቢፈትጋቸው፣ በዘይት ቢያሻቸው፣ አልወጡም።

«ስፕሪንግፊልድ ከተማ አንድ ሰው አለ» አለ ሆባርት፤ «በሞረድ ያስተካክለዋል። ያልነበረ ነው የሚመስለው።»

«ተወው።»

«ለምን?»

«የእርሷ አይደለም። እኔ ያደረግሁት ነው። ይታይ።»

ዘይት ቀብቶ አኖረው። ሆባርት ከሄደ በኋላ ዴልማር ከጠረጴዛው እንደ ተቀመጠ ቆየ። እያንዳንዱን ተኩስ፣ የመታውንም የሳተውንም፣ ወደ ቤት ሲመለሱ ከእርሷ ጋር በቃል እንደ ገና መተኮስ ልማዱ ነበር። ኦሊታ እየሰማች ታርመው፣ ትስቅበት፣ አንዳንዴም ታመሰግነው ነበር። አሁን ግን የእርሷኑ ተኩስ ተኩሶ መጥቶ የሚነግረው ሰው አጣ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቡራኬው በኋላ ሰው ሁሉ ሲወጣ ዴልማር አልተነሣም። በመካከላችን ያለውን ክፍት ቦታ ተሻግሮ ወደ እኔ ዞረና ነገሩን ከቆቡ ጀምሮ ይነግረኝ ጀመር፤ የዘገየውን እሳት፣ የጠፉትን አሻራዎች፣ በቀዳዳው ያስገባውን ባሩድ። ቆሜ ሁሉን ማየቴን ያውቃል፤ እኔም እንዳላየሁ ሆኜ ሰማሁት። ሲጨርስ እጆቹን አየ። ጥላሸቱ ከጥፍሩ ሥር ገና አልለቀቀም ነበር።

«አንድ ነገር አለ» አለኝ። «ያ ሽጉጥ ወደ ቀኝ ይጎትታል። ብዙ ይጎትታል። እርሷ ይህን ዘመን ሁሉ ወደ ግራ እያለመች ነው መሐሉን ስትመታ የኖረችው። አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም።»

«ጠይቀሃት ታውቃለህ?» አልሁት።

ጭንቅላቱን በአሉታ ነቀነቀ። «ሁልጊዜ ስለ እኔ ሽጉጥ ነበር የምናወራው» አለ።